የቤት ክርክራችንን የያዘልን የጥብቅና ቢሮ፦ በይዞታና በባለቤትነት ማስረጃ ረገድ የሰጠን አገልግሎት ግምገማ

በአዲስ አበባ የሚገኘውን የወላጆቻችንን ቤት በሚመለከት ከአባታችን የወንድም ልጅ ጋር የገባንበትን ክርክር የያዘልንን የጥብቅና ቢሮ አገልግሎት በዚህ ጽሑፍ እገመግማለሁ። ክርክሩ ዛሬም በይግባኝ ላይ ስለሚገኝ የቢሮውንም ሆነ የተከራካሪዎቹን ስም አልጠቅስም፤ ይሁን እንጂ ቤት ነክ ጉዳይ ይዞ ጠበቃ የሚፈልግ ሰው ከየትኛውም ቢሮ ምን መጠየቅና ምን መጠበቅ እንደሚገባው ለመረዳት የእኛ ጉዳይ ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ። ቢሮው የክስ ምክንያት በመምረጥና ማስረጃ በማደራጀት ረገድ ካየኋቸው ሁሉ የተሻለ ነው። ደንበኛን በማሳወቅ፣ በክፍያ አያያዝና በተለይም እግድ በወቅቱ በማስወጣት ረገድ ግን በቀላሉ የማይታለፍ ጉድለት አለበት።

የጉዳዩ ፍሬ ነገር እንዲህ ነው። አባታችንና እናታችን ከተጋቡ በኋላ በ1962 ዓ.ም. በጉለሌ የሠሩት ቤት፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ሲወጣ ለአንድ ቤተሰብ የተፈቀደው አንድ የመኖሪያ ቤት ሆኖ በእጃቸው ቀረ፤ ካርታውም በአባታችን ስም ወጣ። የወንድማቸው ልጅ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከአገር ቤት መጥቶ በግቢው ካሉት ሰርቪስ ክፍሎች በአንዱ ያለ ኪራይ መኖር ጀመረ። አባታችን በ2006 ዓ.ም. ካረፉ በኋላም እናታችን በዋናው ቤት መኖራቸውን ቀጠሉ። በ2013 ዓ.ም. ለሕክምና አሜሪካ ወደምትኖረው እህታችን ዘንድ ሄደው ሲመለሱ ግን የዋናው ቤት ቁልፍ ተቀይሮ አገኙት። የወንድም ልጁም ቤቱን በ1998 ዓ.ም. ከአባታችን ገዝቼዋለሁ በማለት ሦስት ምስክሮች የፈረሙበትን የመንደር ውል አወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ግብሩን ከዓመት ዓመት የከፈልኩት እኔ ነኝ ሲልም አንድ ጥራዝ ደረሰኝ አሳየን።

ወደዚህ ቢሮ ከመሄዳችን በፊት ያማከርናቸው ጠበቆች የሰጡን ምክር ተመሳሳይ ነበር፦ ካርታው በአባታችሁ ስም ስለሆነ የባለቤትነት ክስ መሥርታችሁ ቤቱን ተረከቡ የሚል ነው። ምክሩ ስሕተት አይደለም፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1206 መሠረት ባለቤት የሆነ ሰው ንብረቱን ያለ ሕጋዊ መብት ከያዘበት ከማንኛውም ሰው ላይ ተፋልሞ ማስመለስ ይችላል። ነገር ግን የመፋለም ክስ የሚያቀርብ ሰው በቅድሚያ ባለቤትነቱን ማስረዳት አለበት፤ የባለቤትነት ክርክር ደግሞ የሽያጭ ውሉን፣ የውርሱን፣ የግብሩንና የይርጋውን ጥያቄ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይከፍታል። ይህ ሁሉ እስኪያልቅ እናታችን በሰው ቤት፣ ቁልፉን የቀየረው ሰው ደግሞ በእናታችን አልጋ ላይ ይቆያሉ ማለት ነው።

የምገመግመው ቢሮ ዋና ጠበቃ የመጀመሪያው ጥያቄው ካርታው የት እንዳለ አልነበረም። ቁልፉ በየትኛው ቀን እንደተቀየረና ይህንን ቀን የሚያሳይ ወረቀት እንዳለን ነበር የጠየቀን። ምክንያቱንም በዚያው ስብሰባ ላይ ወረቀት አውጥቶ ጽፎ አስረዳን። ይዞታ ማለት አንድ ሰው በነገሩ ላይ በእውን የሚያዝበት ሁኔታ ነው፤ ይህ በቁጥር 1140 ተመልክቷል። ይዞታውን የተነጠቀ ወይም ሁከት የተነሣበት ሰው በቁጥር 1149 መሠረት እንዲመለስለት ወይም ሁከቱ እንዲወገድለት ሊጠይቅ ይችላል፤ ክሱን ግን ከተነጠቀበት ወይም ሁከቱ ከተነሣበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ማቅረብ አለበት። ከሁሉ የሚበልጠው ነጥብ በዚያው ቁጥር ንዑስ ቁጥር 3 ላይ ያለው ነው፦ ተከሳሹ ለፈጸመው ድርጊት ደጋፊ የሚሆነው መብት እንዳለው በፍጥነትና በማይታበል ሁኔታ ካላስረዳ በቀር ፍርድ ቤቱ ይዞታው እንዲመለስ ያዛል። ስለዚህ የወንድም ልጁ በይዞታው ክስ ላይ ቀርቦ ገዝቼዋለሁ ቢል እንኳ፣ ገና ብዙ ክርክር የሚጠብቀው የመንደር ውል ፈጣንም የማይታበልም ማስረጃ ሊሆንለት አይችልም። እናታችን በቅድሚያ ወደ ቤታቸው ይገባሉ፤ ባለቤትነቱ ከዚያ በኋላ በራሱ መዝገብ ይታያል። ይህን ልዩነት ከሕግ መጽሐፍ ላይ እያነበበ ለአንዲት አሮጊት እናት በሚገባ ቋንቋ ማስረዳት የቻለ ባለሙያ በመሆኑ፣ ለምክር የተከፈለው ገንዘብ ሙሉ በሙሉ የሚገባው ነው።

በዚሁ ዕለት የተሰጠን ሌላም ምክር ነበር። ታናሽ ወንድሜ ቁልፉን ሰብሮ ሊገባ ተነሣስቶ ስለነበር ጠበቃው ቁጥር 1148ን አነበበለት። ሕጉ ይዞታው የተደፈረበት ሰው በኃይል እንዲከላከል፣ የተወሰደበትንም ነገር ወዲያውኑ፣ ነጣቂውን በድርጊቱ ላይ እንዳለ ወይም ሲሸሽ ደርሶበት እንዲያስመልስ ይፈቅድለታል፤ ቀናት ካለፉ በኋላ የሚደረግ መስበር ግን ራሱ አዲስ ሁከት ነው። ያን ምክር ባናገኝ ኖሮ ከሳሽ መሆናችን ቀርቶ ተከሳሽ እንሆን ነበር።

ስለ ማስረጃ አደረጃጀታቸው ጥቂት ዘርዘር አድርጌ ልጻፍ፤ የቢሮው እውነተኛ ችሎታ የታየው እዚህ ላይ ነውና። ለይዞታው ክስ የተነጠቀበት ቀን ከፖሊስ ጣቢያ የዕለት ሁኔታ መዝገብ በተወሰደ ማስረጃ ተረጋገጠ። እናታችን ለሕክምና ቢሄዱም ቤቱን እንዳልለቀቁ የሚያሳዩ ነገሮች ደግሞ አንድ በአንድ ተሰበሰቡ፦ የቤት ዕቃቸው በሙሉ በውስጥ መቅረቱ፣ ሠራተኛቸው እስከ ቁልፉ መቀየር ድረስ በዚያው ማደሯ፣ የካርድ ቆጣሪው ካርድ በእርሳቸው ቦርሳ ውስጥ መገኘቱና እስከ መጨረሻው ወር ድረስ በእርሳቸው ገንዘብ መብራት የተሞላበት መሆኑ። ከካርታው ጋር ሲነጻጸሩ እነዚህ ተራ ነገሮች ይመስላሉ፤ በይዞታ ክስ ግን ማን ያዝበት እንደነበር የሚናገሩት እነዚህ ናቸው።

ምስክሮችን ያዘጋጁበት መንገድ ከሁሉ ይልቅ አስደንቆኛል። ለዐርባ ዓመታት ያህል አጥር የተጋራናቸው ጎረቤታችን ወደ ቢሮው መጥተው ገና ከመቀመጣቸው፣ «ቤቱ የእነርሱ ነው፤ ይህን ማን ይክዳል?» አሉ። ጠበቃው በትሕትና አቋረጣቸውና፣ «እማማ፣ ቤቱ የማን እንደሆነ ዳኛው ይወስናል። እርስዎ በዐይንዎ ያዩትን ብቻ ይንገሩኝ፦ የዋናውን ቤት ቁልፍ ማን ይዞ ያውቃል? አጥሩ ሲናድ ማን አሠራው? እድር ሲወጣ ዕቃ የሚወጣው ከማን ቤት ነበር?» አላቸው። እርሳቸውም ጥቂት ካሰቡ በኋላ፣ አጥሩ በክረምት ሲናድ ድንጋዩን ያስጫኑት አባታችን እንደነበሩ፣ አባታችን ካረፉ በኋላ የበሩን ቆርቆሮ ያስቀየሩት እናታችን እንደሆኑ፣ የወንድም ልጁ ወደ ዋናው ቤት ሲገባ ሁልጊዜ አንኳኩቶ እንደነበር ነገሩን። በችሎት የመሰከሩትም ይህንኑ ነው። ምን ይበሉ ብሎ ቃል የሰጣቸው ሰው የለም፤ የተጠየቁት ያዩትን ብቻ ስለነበር የተከሳሹ ጠበቃ በመስቀለኛ ጥያቄ ሊያናውጣቸው አልቻለም። ከተከሳሹ ምስክሮች አብዛኞቹ ግን «ቤቱ የእርሱ ነው፤ ገዝቶታል» ከማለት አልፈው ቤቱን እንደ ባለቤት ሲያዝበት መቼና በምን እንዳዩት ሲጠየቁ መልስ አጡ። የይዞታው ክስ በአመዛኙ የተወሰነው በዚህ ልዩነት ነው፤ ፍርድ ቤቱም ዋናው ቤት ለእናታችን እንዲመለስ አዘዘ።

ወደ ባለቤትነቱ ክርክር ስንገባ የማስረጃው ዓይነት ፈጽሞ ተለወጠ፤ ቢሮውም ይህን አስቀድሞ ነግሮን ነበር። በቁጥር 1195 መሠረት የአስተዳደር ክፍል የማይንቀሳቀስ ንብረት የባለቤትነት ማስረጃ የሰጠው ሰው የዚያ ንብረት ባለቤት እንደሆነ ይገመታል። ብዙ ሰው ካርታ ካለኝ ነገሩ አለቀ ብሎ የሚያስበው ይህንን ይዞ ነው። ግምቱ ግን ሊፈርስ የሚችል ነው፤ ቁጥር 1196 ማስረጃው ከደንብ ውጪ ወይም ሥልጣን በሌለው ክፍል የተሰጠ መሆኑን፣ ፈራሽ በሆነ ሥራ ላይ ተመሥርቶ የተሰጠ መሆኑን፣ ወይም ማስረጃው ከተሰጠ በኋላ ሌላ ሰው ባለቤትነቱን ያገኘ መሆኑን በማስረዳት ማፍረስ እንደሚቻል ይናገራል። የወንድም ልጁ የመረጠው ሦስተኛውን መንገድ ነበር። ካርታው በአባታችን ስም በደንብ የወጣ መሆኑን አይክድም፤ ከዚያ በኋላ በ1998 ዓ.ም. ገዝቼዋለሁ ነው የሚለው። ስለዚህ የክርክሩ ክብደት በሙሉ በአንዲት ወረቀት ላይ ወደቀ።

በዚህች ወረቀት ላይ የቀረበው ክርክር ውሃ የሚያነሳ ነበር። የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት መዝገብ ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲደረግ ቁጥር 1723 ያዝዛል፤ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎትም በመዝገብ ቁጥር 21448 በሰጠው ውሳኔ ይህ ድንጋጌ በቤት ሽያጭ ላይ ተፈጻሚ መሆኑን በግልጽ አስቀምጧል። የሰበር ችሎቱ የሕግ ትርጉም በሥር ፍርድ ቤቶች ላይ አስገዳጅ ነው። በኋላ የመጡ ውሳኔዎች የውሉን መኖር ሻጩ ራሱ ባመነ ጊዜ ጉዳዩ በተለየ መንገድ እንደሚታይ ማመልከታቸውን ጠበቃው አልደበቀንም፤ ነገር ግን ሻጭ ናቸው የተባሉት አባታችን በሕይወት የሉም፤ እኛ ወራሾቹ ደግሞ ውሉን ክደናል። በጽሑፍና በምዝገባ መደረግ የሚገባውን ውል በምስክር ለማስረዳት ደግሞ ቁጥር 2003 በሩን ይዘጋል፤ ሰነዱ መጥፋቱ፣ መሰረቁ ወይም መበላሸቱ ካልተረጋገጠ በቀር ማለት ነው። ከዚህም በላይ ውሉ ጸንቶ ቢሆን እንኳ በቁጥር 1185 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነት በውል የሚተላለፈው በመዝገብ ሲጻፍ ነው፤ በአባታችን ማኅደር ውስጥ ግን ከ1998 ዓ.ም. በኋላ ክሱ እስኪመሠረት ድረስ አንድም የስም ዝውውር ጥያቄ አልነበረም።

እኔ በግሌ በጣም ተስፋ ያደረግሁበት ሌላ ነጥብ ነበር። ቤቱ በጋብቻ ውስጥ የተሠራ በመሆኑ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የጋራ ሀብት ነው፤ በአንደኛው ስም ብቻ መመዝገቡ ይህን አይለውጠውም። በዚያው ሕግ ቁጥር 68 መሠረት አባታችን ያለ እናታችን ስምምነት ሊሸጡት አይችሉም ነበር። ጠበቃው ይህን ነጥብ በክሱ ውስጥ አስገባው፤ ሆኖም ዋና ምሰሶ እንዳናደርገው አስጠነቀቀን። ቁጥር 69 ያልተስማማው ተጋቢ ውሉ እንዲፈርስ የሚጠይቅበትን ጊዜ ካወቀበት አንሥቶ በስድስት ወር፣ በማናቸውም ሁኔታ ደግሞ ውሉ ከተደረገ በሁለት ዓመት ስለሚወስነው ተከራካሪው ይህንኑ ይጠቅሳል አለን። በመልሳቸውም በእርግጥ ጠቀሱት። ደንበኛን ለማስደሰት ሲል ደካማውን ነጥብ የሚያጋንን ጠበቃ ብዙ ነው፤ ይህኛው የእኛን ጉዳይ በተቃራኒው ወገን ዐይን ማየት ይችላል።

ከሁሉ ይበልጥ የፈራነው ደረሰኞቹን ነበር። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1168 የማይንቀሳቀስ ንብረትን ይዞ ለ15 ዓመታት በተከታታይ ግብሩን የከፈለ ሰው ባለቤት እንደሚሆን ይደነግጋል፤ ከ1998 እስከ 2013 ዓ.ም. ድረስ ደግሞ ልክ ይህ ዘመን ይሞላል። የቢሮው ወጣት ረዳት የተከሳሹን የደረሰኝ ጥራዝ ቅጂ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ በዓመት በዓመት ደረደረችው። እያንዳንዱን ሉህ በማጉያ መነጽር እያየች በአንድ ሠንጠረዥ ላይ አራት ነገር መዘገበች፦ ዓመቱን፣ የግብር ከፋዩን ስም፣ ገንዘቡን ያስገባውን ሰው ስምና ዋናው ወይስ ቅጂው እንደሆነ። ካርቦኑ በደበዘዘባቸው ሉሆች ላይ ሳይቀር የግብር ከፋይ ስም በሚለው መስመር ላይ የተጻፈው የአባታችን ስም ነበር፤ የወንድም ልጁ ስም ያለው ገንዘቡን ይዞ የሄደ ሰው ሆኖ ከታች በኩል ብቻ ነው። አንዳንዶቹ ዓመታት ደግሞ በጥራዙ ውስጥ ጭራሽ የሉም፤ የእነዚህ ዓመታት ዋና ደረሰኝ በእናታችን ሣጥን ውስጥ ተገኘ። ስለዚህ የቀረበው መከራከሪያ ሁለት እግር ነበረው፦ አንደኛ፣ ተከሳሹ የከፈለው በሰው ስምና ስለ ሰው እንጂ ባለቤት ነኝ ብሎ አይደለም፤ ሁለተኛ፣ ክፍያው ተከታታይ አይደለም፤ በእነዚህ ዓመታት ሁሉም ዋናውን ቤት ይዘው የኖሩት እናታችን ናቸው። ይዞታው ቀደም ብሎ በፍርድ መረጋገጡ በዚህ ላይ ብዙ ጠቀመን። ያችን ሠንጠረዥ ዳኛው በችሎት ላይ ከደረሰኞቹ ጋር ሲያመሳክሩ ማየቴ ቢሮው ለሥራው የሚሰጠውን ክብር አስረድቶኛል።

የአባታችንን የቀድሞ ማኅደር ከመሬት አስተዳደሩ ለማስቀረብ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 145 መሠረት ትእዛዝ ጠይቀው ነበር። ይህም ተገቢ ነው፤ በእጃችን የነበረው የካርታ ቅጂ አርጅቶ ማኅተሙ አይለይም ነበርና። ክሱን ሲያዘጋጁም መሬቱ የአባታችን ነው የሚል ቃል እንዳይገባ ተጠንቅቀዋል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ የተጠየቀው የቤቱ ባለቤትነትና የቦታው የይዞታ መብት ነው። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ የጎደላቸው ክሶች እንዲሻሻሉ እየተባሉ ስንት ቀጠሮ እንደሚያባክኑ በችሎት ተቀምጦ ያየ ሁሉ ያውቀዋል።

የተከራካሪነት መብታችንን በማሟላት ረገድም ጥሩ ሠርተዋል። እናታችን በጋራ ባለቤትነታቸው፣ እኛ ልጆቹ ደግሞ የወራሽነት ማስረጃ ከከተማው ፍርድ ቤት አውጥተን በአንድነት ቀረብን። አሜሪካ ያለችው እህታችን ቀድሞ የላከችው ውክልና ንብረቷን እንዲያስተዳድሩላት የሚል ጠቅላላ ቃል ብቻ ያለበት ነበር። ጠበቃው የፍትሐ ብሔር ሕጉን ቁጥር 2205 ጠቅሶ መልሶ ላከው፤ ለመክሰስና ለመከሰስ፣ ለመታረቅ፣ ቤት ለመሸጥና ለመለወጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋልና። አዲሱ ውክልና በኤምባሲ ተረጋግጦ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ በኩል አልፎ እስኪደርስ ጊዜ ወስዷል፤ በውጭ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች ቤት ነክ ክርክር ካለባችሁ ውክልናችሁ ላይ እነዚህ ቃላት ተዘርዝረው መጻፋቸውን ከመላካችሁ በፊት አረጋግጡ።

አሁን ወደ ጉድለቶቹ ልምጣ። ከሁሉ የከፋው የእግዱ ጉዳይ ነው። የባለቤትነት ክስ ሲመሠረት ቤቱ ለሦስተኛ ወገን እንዳይተላለፍና ስም እንዳይዛወር በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 154 መሠረት የእግድ ትእዛዝ ከክሱ ጋር አብሮ መጠየቅ ነበረበት። ቢሮው ይህን ሳያደርግ ሳምንታት አለፉ። በመካከሉ ታናሽ ወንድሜ ለሌላ ጉዳይ ወደ መሬት አስተዳደር ሲሄድ ተከሳሹ የመንደር ውሉን አያይዞ የስም ዝውውር ጥያቄ ማቅረቡን ሰማ። ጥያቄው ገና ስላልተስተናገደ እግዱ ደረሰ እንጂ፣ ቢዘገይ ኖሮ በተከሳሹ ስም አዲስ ካርታ ሊወጣ ይችል ነበር፤ ያን ጊዜ የቁጥር 1195 ግምት ከእኛ ወደ እርሱ ይዞራል፣ ቤቱ ተሸጦ ሦስተኛ ወገን ቢገባበት ደግሞ ነገሩ ሌላ ክርክር ይወልዳል። ጠበቃው ስለዚህ ሲጠየቅ የሰጠው መልስ ረዳቷ ማመልከቻውን አዘጋጅታ ሳይፈረም በፋይል ውስጥ መቅረቱን ነው። ደረሰኝ በማጉያ መነጽር የሚመረምር ቢሮ የእግድ ማመልከቻ በፋይል ውስጥ ሊረሳ አይገባውም፤ እንዲህ ያለው መዘንጋት ሙሉውን የማስረጃ ድካም በአንድ ቀን ከንቱ ሊያደርግ ይችላል።

ሁለተኛው ጉድለት ለደንበኛ የሚሰጠው መረጃ ነው። ዋናው ጠበቃ በችሎት ላይ እንደሚቆም ተዋውለን፣ በአንድ ወሳኝ ቀጠሮ ላይ መዝገቡን በቅጡ ያላነበበ ሌላ ጠበቃ ያለ ምንም ማስታወቂያ ቀረበ፤ ዳኛው ስለ ማኅደሩ ሲጠይቁት ሌላ ቀጠሮ ከመለመን በቀር የሚለው አልነበረውም። ስልክ አይነሣም፤ የቀጠሮ ውጤት የምናውቀው ራሳችን ልደታ ሄደን ከመዝገብ ቤት ነው። የቁጥር 145 ትእዛዝ ደብዳቤም ለመሬት አስተዳደሩ ደርሶ ምላሽ እንዲሰጥበት የተከታተልነው እኛ ነን። በዕድሜ የገፉ ወይም ሥራ ላይ የሚውሉ ደንበኞች ይህን መሮጥ አይችሉም።

የክፍያው ነገር መካከለኛ ነው። ዋጋው ለየክሱ ለየብቻ፣ በጽሑፍ ውል የተቆረጠ እንጂ በቤቱ ግምት ላይ በመቶኛ የተሰላ ስላልሆነ ፍትሐዊ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ የቤት ዋጋ በናረበት በዚህ ዘመን በመቶኛ የሚዋዋል ሰው ክርክሩን ረትቶ ቤቱን ለጠበቃው ሲል ሊሸጥ ይገደዳል። የዳኝነት ክፍያውንም አስቀድመው አሰልተው ነግረውናል፤ በባለቤትነት ክስ ላይ ክፍያው በንብረቱ ግምት ስለሚወሰን ቀላል አይደለም። ይሁን እንጂ «ለማስፈጸሚያ» እየተባለ በየጊዜው የተጠየቅነው ገንዘብ ደረሰኝም ዝርዝርም የለውም። ደጋግመን ጠይቀን ያገኘነው መልስ «የፎቶ ኮፒና የመጓጓዣ ነው» የሚል ነው። የሕግ ባለሙያ ገንዘብ ተቀብሎ ደረሰኝ አለመስጠቱ ተገቢ አይደለም፤ በተለይ የተከራካሪውን ደረሰኝ ያን ያህል ለፈተሸ ቢሮ።

ስለ ዕርቁም አንድ ነገር ልበል። ጉዳዩ በፍርድ ቤት አስማሚ ዘንድ ቀርቦ፣ በኋላም የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ገብተውበት ነበር። ጠበቃው ዕርቅን አልተቃወመም፤ እንዲያውም የወንድም ልጁ ለብዙ ዓመታት የኖረበትን ሰርቪስ ክፍል ለተወሰነ ጊዜ እንዲጠቀምበት የሚል የስምምነት ረቂቅ ያዘጋጀው እርሱ ነው። ረቂቁ ክፍሉን በወላጆቻችን ፈቃድ የያዘ መሆኑን በግልጽ ይናገር ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ያመጡት ወረቀት ግን «የገዛውን ቤት ይመልስ፣ ካሳ ይከፈለው» የሚል ቃል ነበረበት። ጠበቃው ሽያጩን የሚያምን ቃል ያለበትን ወረቀት እናታችን እንዳይፈርሙ ከለከላቸው፤ ከላይ እንዳልኩት በባለመብቱ ወገን የሚሰጥ የእምነት ቃል የመንደር ውሉን ነፍስ ሊዘራበት ይችል ነበር። ስምምነቱ በዚህ ምክንያት ባይሳካም ምክሩ ትክክል ነበር። ቤተሰብ መሆናችንን ሳይዘነጋ፣ የወንድም ልጁን በችሎት ላይ አንድም ጊዜ በክፉ ቃል ሳይነካ መከራከሩንም እናታችን እስከ ዛሬ ያነሡለታል።

በሥር ፍርድ ቤት የባለቤትነቱ ክርክር ለእኛ ተወስኗል፤ ተከሳሹ ይግባኝ ብሏል፤ የይግባኙን መልስ ያዘጋጀውም ይኸው ቢሮ ነው። በድጋሚ ስንዋዋል ሦስት ነገር በውሉ ውስጥ እንዲገባ ጠይቀን ተቀብለውናል፦ ከዋናው ጠበቃ በቀር ሌላ ሰው የሚቀርብ ከሆነ ከቀጠሮው በፊት በጽሑፍ እንዲያሳውቁን፣ ከእያንዳንዱ ቀጠሮ በኋላ ውጤቱን በአጭር መልእክት እንዲልኩልን፣ ያለ ደረሰኝ ምንም ክፍያ እንዳይጠየቅ። እስካሁን የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አክብረዋል፤ በሦስተኛው ላይ ገና እየተከራከርን ነው።

ጉዳዩ ውስብስብ የሆነ፣ የሰነድና የምስክር ማስረጃው የተደባለቀበት፣ በተለይም በይዞታና በባለቤትነት መካከል የትኛውን ክስ ማስቀደም እንዳለበት ያልታወቀው ሰው እንዲህ ዓይነት ቢሮ ቢፈልግ ይጠቀማል፤ እግዱን ግን ክሱ በተከፈተበት ቀን ራሱ ጠይቆ ቁጥሩን ይያዝ። ካርታው በስሙ ሆኖ ተከራይ አልለቅም ያለው ሰው ይህን ያህል ወጪ አያስፈልገውም። አቅም የሌላቸው እናቶችና እኅቶች ደግሞ የኢትዮጵያ የሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን የመሰሉ ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ተቋማትን በቅድሚያ ቢጠይቁ መልካም ነው፤ ሲሄዱም የፖሊስ ማስረጃውን፣ ደረሰኞቹንና የቆጣሪ ካርዱን ከካርታው ጋር አብረው ይያዙ።